ከከተማ ውጭ የተዘረጋው ማዕድ
የሽርሽር ኮሚቴው ትዝታና የሊሙሩ መንገድ ታሪክ

በዚህ የብር ኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ ማኅበራችን ብዙ ቁም ነገር ተጽፏል። ስለ አዳራሹ ኪራይ፣ ስለ ቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት፣ ስለ ዕድሩና ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ሌሎች ወገኖቻችን በየድርሻቸው ጽፈዋል። ለእኛ የደረሰን የሽርሽር ኮሚቴው ታሪክ ነው። ርዕሱ ሲሰጠን ከመካከላችን አንዱ «ምሳ በልቶ መመለስ ደግሞ ታሪክ ይባላል ወይ?» ብሎ አሳቀን። ቆይተን ስናስበው ግን ነገሩ ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። ናይሮቢ ለሚኖር ስደተኛ ከከተማ ወጥቶ ገበሬ ቤት፣ እርሻ መካከል በተዘረጋ ማዕድ መቀመጥ ትልቅ ነገር ነበር። ማን ሄደ? ማን ቀረ? ምን በላን? የማን መሬት ላይ ተቀመጥን? እነዚህን የሚጠይቅ ሰው የማኅበራችንን ታሪክ ግማሹን ያገኘዋል። ዓመታቱን እዚህ አገር በምንጠቀምበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጠናል።

አጀማመሩ

አብዛኞቻችን ኬንያ የገባነው በ1991 ከመንግሥት ለውጥ በኋላ፣ በሞያሌ በኩል ነው። ከእኛ በፊት በደርግ ዘመን የመጡና በቲካ የስደተኞች መቀበያ ያለፉ ታላላቆች ነበሩን። ከእኛ መካከል ዋልዳን ያዩ አሉ፤ በ1992 የተከፈተውን የካኩማን አቧራ የቀመሱም አሉ። ናይሮቢ የደረስነው ደግሞ ኢስሊና አካባቢው ተጠጋግተን መኖር ጀመርን። ልጆቻችን አድገው ነፍስ ሲያውቁ ያዩት መሬት የኢስሊን ጭቃ ብቻ ነበር። አባቶቻቸው ስለ ጤፍ አጨዳና ስለ በሬ ሲያወሩ እንደ ተረት ይሰሙ ነበር።

ስለዚህ ማኅበሩ ገና በእግሩ ሳይቆም፣ እናቶች ተነሥተው «ልጆቹን አንድ ቀን እንኳ አረንጓዴ ነገር እናሳያቸው» አሉ። ከመካከላችን ሊሙሩ አካባቢ ሥራ የሚሄድ ወንድማችን፣ ከከተማው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሻይ እርሻ መካከል በአሮጌ የፈረንጅ ቤት ውስጥ ለመንገደኛ ምሳ የሚያቀርቡ መኖራቸውን ነገረን። ነገሩ አዲስ ሆነብን። ምግብ ቤት ማለት ለእኛ ገብተህ «ምን አለ?» የምትልበት ቦታ ነው። እዚያ ግን እንዲህ አይደለም። ከሳምንት በፊት ደውለህ የሰው ቁጥር ትናገራለህ፤ ረፋድ ላይ ደርሰህ መጀመሪያ በእርሻው ውስጥ ይዘውህ ይዞራሉ፤ ከዚያ በረንዳው ላይ ወይም መስኩ ላይ በተዘረጋ ረጅም ጠረጴዛ ሁሉም ያንኑ ምግብ ይበላል፤ ሒሳቡም በነፍስ ወከፍ ነው። አትክልቱ ከጓሮው፣ ወተቱና ክሬሙ ከራሳቸው ላም ነው። ዋጋውን ስንሰማ ደነገጥን፤ ሆኖም ለሦስት ወር አዋጥተን ሁለት ማታቱ ተኮናተርን።

የሻዩ አገር

ሊሙሩ ስንደርስ መጀመሪያ የተቀበለን ጉም ነው። ነሐሴ ነበርና ብርዱ አጥንት ይገባል። ትልልቆቹ ግን ከመኪናው ሲወርዱ ፊታቸው በራ። የባሕር ዛፍ ሽታ ነበር። አንዲት እናታችን ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «እንጦጦ!» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሻይ በኬንያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው በ1903 በዚሁ በሊሙሩ ነው። እዚያው አጠገብ ቲጎኒ ውስጥ ኪያምቤቱ የሚባለው እርሻ፣ በ1910 መሬቱ ከተገዛ በኋላ፣ ሻይን ለገበያ በማምረት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ። ቤቱ ዛሬም ቆሞ እንግዳ በምሳ ይቀበላል። እኛ የሄድነው ወደዚያ ሳይሆን በዚያው ሰፈር ወዳለ ወደ ሌላ አነስተኛ እርሻ ነበር፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው።

አስጎብኚው ልጆቹን በሻዩ ረድፍ መካከል አስገብቶ አለቃቀሙን አሳያቸው። የሚቀጠፈው ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ ብቻ ነው። የጎለመሰው ቅጠል አይነካም። ቁጥቋጦው በየጊዜው ስለሚከረከም ከወገብ አያልፍም፤ ቢተዉት ግን ትልቅ ዛፍ ይሆናል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ማመን አቃታቸው። ከእኛ መካከል የከፋ ሰው የሆኑት አባታችን ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ውሽውሽ ያለውን የሻይ እርሻ ያውቁታልና።

የፍልሰታው ምሳ

ምሳው ሲቀርብ ግን ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ጉዞውን ያደረግነው በነሐሴ የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው። የኬንያ የነሐሴ ዕረፍትና ጾመ ፍልሰታ አንድ ላይ እንደሚውሉ ኮሚቴው አላሰበበትም። ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ በግ፣ በቅቤ የታሸ ድንች፣ በክሬም የተሸፈነ ኬክ ተደረደረ። ከእኛ ከግማሽ የሚበልጠው ጾመኛ ነበር። እናቶች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ልጆች ኬኩንና የእናታቸውን ፊት በየተራ ያያሉ። ሦስት ወር ያዋጣንበት ገንዘብ ፊታችን ላይ እየቀዘቀዘ ነበር። ጥፋቱ የእርሻው ሰዎች አልነበረም፤ የእኛ የኮሚቴዎቹ ነው።

ምግብ የምታበስለው የኪኩዩ ተወላጅ ሴት ወጥታ ሁኔታውን አየች። ሥጋው የተበላሸ መስሏት ደነገጠች። ስዋሂሊው የተሻለ ከእኛ አንዱ «ማማ፣ ምግብሽ መልካም ነው፤ እኛ ግን ጾም ላይ ነን። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ አንበላም» ብሎ አስረዳት። ትንሽ ቆማ አሰበችና ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለሠራተኞቹ ምሳ የተቀቀለውን ድስት እንዳለ አስይዛ መጣች። ጊቴሪ ይሉታል፤ በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለ ነው። እናቶቻችን ክዳኑ ሲነሣ በአንድ ድምፅ «ንፍሮ!» አሉ። ሱኩማ ዊኪ የሚሉትን ጎመናቸውንም በዘይትና በሽንኩርት ጠብሳ ጨመረች። ከቦርሳ በርበሬ ወጣ። በዚያ ቀን የሠራተኛውን ምሳ እኛ በላን፤ የእኛን በግ ደግሞ ከሠራተኞቹ ጋር ሆነው የማይጾሙትና ሕፃናቱ በሉት። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ስንደውል አስቀድመን የምንጠይቀው ጊቴሪና ሙኪሞ ሆነ፤ ሙኪሞ ድንች፣ በቆሎና ቅጠል አብሮ የተፈጨበት የኪኩዩ ምግብ ሲሆን ያለ ቅቤም ይሠራል።

ከምሳ በኋላ ጀበና ይዘን ነበርና ፈቃድ ጠይቀን መስኩ ዳር ቡና አፈላን። አብሳይዋ የመጀመሪያውን ስኒ ጠጥታ ፊቷን አጨማደደች፤ ወተት ይጨመርልኝም አለች። ወላጆቿ ቡና ለቃሚዎች እንደነበሩ፣ ቤታቸው ግን ሻይ እንጂ ቡና ተጠጥቶ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ነገረችን። ቡና ከኢትዮጵያ ወጥቶ በጎረቤት አገር በቀጥታ አልገባም። በ1893 ኬንያ የደረሰው የፈረንሣይ ሚስዮናውያን ከሬዩኒየን ደሴት አምጥተውት ነው። ከዚያም በኋላ እስከ 1950ዎቹ ድረስ፣ ከጥቂት ቦታ በቀር፣ አፍሪካዊው ገበሬ በራሱ ማሳ ቡና እንዲተክል አይፈቀድለትም ነበር። እሷ ያን ቀን የጠጣችው ስኒ የመጀመሪያዋ ነበር።

መሬቱ የማን ነበር?

ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ጉዞ ላይ ከመካከላችን አንድ አባት በሩ ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ ጋር ወዳጅ ሆኑ። አንዱ አማርኛና የተሰባበረ ስዋሂሊ፣ ሌላው ኪኩዩና ስዋሂሊ ይናገራሉ፤ ሆኖም ተግባቡ። አባታችን እንደ አገራቸው ልማድ «ይህ ርስት የማን ነበር?» ብለው ጠየቁ። ዘበኛው በበትራቸው ወደ ሻዩ ቁልቁለት አመለከቱና «የአያቴ ጎጆ እዚያ ነበር» አሉ።

ይህን ሰምተን ዝም ማለት አልቻልንም፤ ጠያየቅን፣ አነበብንም። የቲጎኒ ኪኩዩዎች መሬታቸው በነጭ ሰፋሪዎች እርሻ መካከል ስለቀረ፣ የቅኝ መንግሥቱ በ1930ዎቹ የመሬት ኮሚሽን አቋቁሞ እንዲነሡ ወሰነ። በ1939 እና በ1940 ገደማ ከቲጎኒ ተነሥተው በምትኩ ላሪ የሚባል ቦታ ተሰጣቸው። ልውውጡን የተቀበሉና ያልተቀበሉ ተለያዩ። ያ ቂም ሳይበርድ ቆይቶ፣ በማው ማው ጦርነት ጊዜ ማርች 26 ቀን 1953 ሌሊት ላሪ ላይ ቤተሰቦች ከነቤታቸው ተቃጠሉ፤ በማግስቱም በበቀል ብዙ ሰው ተገደለ። ስመ ጥሩው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የዚሁ የሊሙሩ ልጅ ነው፤ በ1938 ካሚሪቱ ተወለደ፤ የተወሰደ መሬት ነገርም ከመጻሕፍቱ አልጠፋም።

ዘበኛው ሌላም ነገር ነገሩን። አባታቸው በሰፋሪ እርሻ ሲሠሩ ኪፓንዴ ያንጠለጥሉ ነበር። ኪፓንዴ ከ1920 ገደማ ጀምሮ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ እንዲይዘው የተገደደበት የሥራና የመታወቂያ ወረቀት ነው፤ በትንሽ የብረት ሣጥን ተደርጎ አንገት ላይ ይታሠራል። ያለ ኪፓንዴ መንገድ ላይ የተገኘ ይያዛል። በገዛ አገሩ ከአንድ እርሻ ወደ ሌላ እርሻ ለመሄድ ወረቀት ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ይህ ሲነገር ከእኛ መካከል ያልተላለፈ ዓይን አልነበረም። በዚያን ጊዜ ኪሳችን ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ እያንዳንዳችን እናውቅ ነበርና።

የቀሩት

እዚህ ላይ ለልጆቻችን በግልጽ መናገር የሚገባን ነገር አለ። በዚያ ዘመን ስደተኛ በካምፕ ይኑር የሚባልበት ጊዜ ነበር። ናይሮቢ የነበርነው ገሚሶቻችን ማንዴት የምንለው ወረቀት ነበረን፤ ገሚሱ ያለቀበት ወረቀት ነበረው፤ ገሚሱ ምንም አልነበረውም። ኢስሊ ውስጥ ፖሊስ ሲመጣ የሚሸሸግበት ጓዳ፣ የሚጠራው ጎረቤት አለ። በሊሙሩ መንገድ ላይ ግን ኬላ አለ፤ ማታቱ ይቆማል፤ «ኪፓንዴ!» ይባላል። ቃሉ ያው ነው፤ ዛሬም መታወቂያን በዚያው ስም ይጠሩታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ሲሰናዳ ያዋጡት ሁሉ አልተሳፈሩም። ጠዋት ማታቱ በር ላይ ሲቆም አንዳንዶች «ራሴን አሞኛል» አሉ፤ አንዳንዶች «ሥራ ገጠመኝ» አሉ። ልጆቻቸውን ግን ከእኛ ጋር ላኩ። ምክንያቱን ሁላችንም ዐወቅን፤ ማንም አልጠየቀም። ልጆቹ በመኪና ሲወጡ አባቶቹ በረንዳ ላይ ቆመው እጃቸውን ሲያወዛውዙ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በማኅበሩ አልበም ውስጥ አለ። ብዙ ሰው ሲያየው የሽኝት ፎቶ ይመስለዋል።

ያን ቀን ከምሳ ስንነሣ አንዲት እናት ተነሥተው ከተረፈው ጊቴሪ በነጠላ ጫፍ ሊቋጥሩ ጀመሩ። አብሳይዋ አየቻቸውና የሙዝ ቅጠል አመጣች። ለእያንዳንዱ ለቀረ ሰው አንድ አንድ ቋጠሮ ተሠራ። ባለ እርሻዋም ለማን እንደሆነ ስትሰማ ከሻዩ በየወረቀቱ ጠቅልላ ጨመረችልን። ማታ ቋጠሮው በየቤቱ ታደለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ሆነ፤ በማኅበሩ ደንብ ውስጥ አልተጻፈም፤ ግን ማንም ሽሮት አያውቅም። ከቀሩት የማንም ድርሻ አይበላም፤ ይቋጠራል።

ሌሎቹ መንገዶች

ከሊሙሩ ቀጥሎ ስምጥ ሸለቆውን ወርደን ወደ ናይቫሻ መሄድ ጀመርን። የማይ ማሂዩን ቁልቁለት የምታውቁ ሁሉ በመንገዱ ዳር ያለችውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አይታችኋል። ያንን መንገድ የሠሩት፣ ቤተ ክርስቲያኒቱንም በ1942 ያነጹት የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው፤ በ1941 በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦር ሜዳ ተይዘው የመጡ። የአርበኛ ልጅ የሆኑ አባታችን መጀመሪያ ሲያዩዋት «ሕንፃቸው ያምራል፤ መንገዳቸውም ጥሩ ነው፤ አመጣጣቸው ግን የእኛ ሰዎች ሥራ ነበረበት» ብለው አሳቁን። ከእነዚያ ምርኮኞች ጥቂት ዓመት ቀድመው፣ ከ1936 ወረራ በኋላ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ድንበር አቋርጠው ኬንያ ገብተው ኢሲዮሎ በካምፕ ተቀምጠው ነበር፤ በኋላም ወደ ታቬታ ተዛውረዋል። ከመካከላቸውም ተመልምለው በሱዳን በኩል ለነጻነት የዘመቱ አሉ። በዚህ አገር የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ስደተኞች እኛ አይደለንም።

ከናይቫሻ አልፎ ጊልጊል አጠገብ ኪኮፔ የፍየል ጥብስ አገር ነው። ሥጋው በኪሎ ይመዘናል፤ ከሰል ላይ ይጠበሳል፤ በጣውላ ላይ ተከትፎ ከቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር ይቀርባል። እዚያ ያጋጠመን ችግር ደግሞ ሌላ ነበር። «ማን አረደው?» የሚለው ነው። ማኅበራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው። በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን በሁለት ወገን መጠራጠር አልፈለግንም። መፍትሔው አገር ቤት እንደምናደርገው ሆነ፤ በአካባቢው ካለ አርቢ ሁለት ፍየል በቁሙ ገዛን፤ አንዱን ለዚህ፣ አንዱን ለዚያ ባረድነው። ሁለት ምድጃ፣ አንድ ሣር ሜዳ። ቁርጥ የናፈቃቸው አንድ ወንድማችን «ለእኔስ ሳይጠበስ» ሲሉ ጠባሹ ቢላዋውን አስቀምጦ አያቸው፤ ቀልድ መስሎታል።

ከዚያ ወዲህ

የስደተኛው ነገር ከፍ ዝቅ እያለ ሄደ። በ2006 የስደተኞች ሕግ ወጣ፤ ወረቀት ለማግኘት በር ከፈተ። በ2012 መጨረሻ በከተማ ያለ ስደተኛ ሁሉ ወደ ካምፕ ይግባ የሚል ትእዛዝ ወጣ፤ በ2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሻረው። በ2014 ኢስሊ ውስጥ በተደረገው ትልቅ አፈሳ ጊዜ ሽርሽር አልነበረም፤ ያዋጣነው ገንዘብ ለተያዙት ስንቅ ሆነ። በ2021 አዲስ ሕግ ጸደቀ። ብዙዎቻችን በዚህ መካከል ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ ሄድን፤ አገር ቤት የተመለሱም አሉ። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድም አስፋልት ሆነ፤ ድሮ በከብት መኪና ቀናት የፈጀብንን መንገድ ዛሬ ልጆቻችን በአንድ ቀን ያልፉታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሚኒሶታ አንድ ቤተሰብ ለጉብኝት መጣ። አባትየው በዚያ ፎቶግራፍ ላይ በረንዳው ላይ ቆመው እጃቸውን ከሚያወዛውዙት አንዱ ናቸው። ናይሮቢ በቆዩበት ዘመን ሁሉ አንድም ጊዜ ሊሙሩን አላዩም ነበር። «ሌላ የትም አትውሰዱኝ፤ ያ ንፍሮ የመጣበት ቦታ ውሰዱኝ» አሉን። ሄድን። ኬላው ላይ ፖሊሱ መኪናውን አላስቆመም፤ እሳቸው ግን ፓስፖርታቸውን እጃቸው ላይ ይዘው ነበር። አብሳይዋ ሥራ አቁማ ነበር፤ ሽማግሌው ዘበኛም አርፈዋል። በረንዳው፣ መስኩና ጠረጴዛው ግን ያው ናቸው። ሰውየው ጊቴሪውን ቀስ ብለው በሉ። ከጨረሱ በኋላ አስተናጋጁን የሙዝ ቅጠል ጠይቀው የተረፈውን መቋጠር ጀመሩ። ልጃቸው በእንግሊዝኛ «አባዬ፣ ለማን ነው?» ብላ ጠየቀች። እሳቸውም ወደ እኛ ዞረው «ዛሬ የቀረ ማን አለ?» አሉ።

አንድ ሰው ነበር። ስሙን እዚህ አንጽፍም፤ ወረቀቱ ገና አልተሰጠውም። ማታ ኢስሊ ደርሰን ድርሻውን ሰጠነው።

በዚህ የኢዮቤልዩ ዓመትም ኮሚቴው ለነሐሴ ጉዞ ስም እየመዘገበ ነው። የመምጣት ዕድል ያላችሁ ኑ፤ የማትችሉም ስማችሁን አስመዝግቡ። ጠረጴዛውን የምናስይዘው በሁለቱም ቁጥር ነው።